ለስፖት ማሽኑ የቀዳሁት የሆራ ውኃ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ። ሰክሬ ጎረቤት መሳደቤን፣ በወሰን ነገር ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ነግሬያቸዋለሁ። ስገድ ያሉኝን ሰግጄ ቤቴ ገብቻለሁ። ይህቺን አንዷን ግን ከምላሴ ሥር ይዣት እሄዳለሁ፣ ይዣት እመለሳለሁ። ሚስቴ አታውቅም። ልጆቼ አያውቁም።

በአፌ አልወጣ ያለኝ ነገር በእጄ ይወጣ እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ለፊደሉ ብቻ።

ዋናው ነገር አጭር ነው። ማሽን አበላሸሁ፤ በአንዲት ሴት ላይ በሐሰት መሰከርኩ፤ እሷ ከሥራዋ ተነሳች፣ እኔ ተመሰገንኩ። ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ እንጂ ማስተባበያ አይደለም። ማስተባበል የጀመርኩ በመሰላችሁ ቦታ ላይ አትመኑኝ።

ገመቹ እባላለሁ። አምቦ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ረዳት ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግቢው አይደለም። ያደግኩት በጋራዥ ውስጥ፣ የተጨረማመተ የመኪና በር ስቀጠቅጥ ነው። ላሜራ በጣቴ ዳስሼ ውፍረቱን እነግርሃለሁ። ሲቀጥሩኝም እጄን አይተው ቀጠሩኝ፤ ፊደል ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልነገርኳቸውም። ፊርማዬን እንደ ሥዕል ለምጃት ነበር፤ ወረቀት ሲሰጡኝ ያቺን ሥዕል እስልና እመልሳለሁ።

ኋላ ላይ ወሬ መጣ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ረዳት ኮንትራቱ አይታደስም ተባለ። ደንግጬ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ታምሜ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ብቻህን ሳታውቅ ዓመታት መኖር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ገበያ መሀል ሱሪህ ከኋላ ተቀዶ፣ ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ እንደ መቆም ነው። እኔ እንደዚያ ቆሜ ሸበትኩ።

መምህርት ሌሊሴ የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። የግንጪ ልጅ ናት፣ አባቷ የደንዲ ገበሬ። በወርክሾፓችን ብየዳ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሰልጣኞቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሊፈትኗት ሞከሩ። አንዱ ጎረምሳ፣ መምህርት፣ ብየዳ ከወጥ ይከብዳል እንዴ ብሎ ጠየቃት። የብየዳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለችና፣ “ወጥ ቢያርርብህ ዝም ብለህ ትበላዋለህ። ብየዳ ቢያርርብህ ማን ይበላልሃል?” አለችው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልተዳፈራትም።

ሚስጥሬን ያወቀችው ወር ሳይሞላት ነው። የዕለቱ ሥራ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ አልኳት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ወረቀቱን በቀስታ መልሳ ወሰደችው። ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰልጣኞቹ ፊት ቆማ የዕለቱን ሥራ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ምን ያህል ላሜራ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው መሰርሰሪያ እንደሚታሰር፣ ሁሉንም። “በጆሮ የገባ ሥራ አይረሳም” ትላቸዋለች። እነሱ ለእነሱ የምታነብ መሰላቸው። ለማን እንደምታነብ ግን እኔ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ኦቦ ገመቹ፣ ቢፈልጉ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ትንሽ ትንሽ አብረን እናየዋለን። ማንም አያውቅም” አለችኝ። ምኑን ነው የምናየው አልኳት። ፊቴን አየችና፣ “ይተውት” አለች። ተወችው።

እንግዲህ ስሙ። ይህቺን ሴት ጠላኋት። ክፉ አልሠራችኝም፤ ስላወቀች ጠላኋት። ገመናህን ያየ ሰው በጋቢው ቢሸፍንህ እንኳ ያየ ዓይኑን ታስታውሳለህ እንጂ ጋቢውን አታስታውስም። ጠዋት ጠዋት ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነብልኝ ማመስገን ሲገባኝ ጥርሴን ነክሼ እሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። አሁንስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ስፖት ማሽን የምንለው ሁለት ላሜራ ደራርቦ በሁለት የመዳብ ጫፎች መሀል የሚቆነጥጥ ማሽን ነው። ፔዳሉን በእግርህ ስትረግጠው ከላይና ከታች ያሉት ክንዶች ላሜራውን ይነክሱታል፣ ኤሌክትሪኩ በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ያልፋል፣ ብረቱ ቀልጦ ይጣበቃል። የመዳቡ ጫፎች በጣም ስለሚግሉ በክንዶቹ ውስጥ ውኃ ይዞራል። ውኃው ከበርሜል ተነስቶ በፓምፕ ይገባል፣ በጎማ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይወድቃል። በግቢው ያለው ማሽን ያ አንዱ ብቻ ነበር። በርሜሉን መሙላት የእኔ ሥራ ነው።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት የከተማው ቧንቧ ጠፋ። ጎርፍ መስመሩን ሰብሮት ነው አሉ፤ ይመጣል እየተባለ ሰነበተ። መምህርት ሌሊሴ የቧንቧ ውኃ በመጣ ቀን እንዳጠራቅም፣ ካልመጣ የዝናብ ውኃ ከጣሪያ እንድይዝ ነግራኝ ነበር። ጣሪያችን የዛገ ነው፣ እርግብ ሰፍሮበታል፤ ውኃው እንደ ሻይ ቀልቶ ይወርዳል። የሁሉቃ ወንዝማ በክረምት ጭቃ ነው። እኔ በማልፍበት መንገድ ላይ ግን ሆራ አለ፤ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ፣ እንደ መስታወት የጠራ። የአምቦ ሰው ሆራን እንዴት እንደሚያየው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከብት ከሩቅ ቀበሌ እየተነዳ መጥቶ ይጠጣዋል፣ ይፋፋል። ሆዱን የታመመ ይጠጣዋል፣ ይሻለዋል። እኔም በልጅነቴ ሆዴን ሲቆርጠኝ ጠጥቼ ድኛለሁ። ሰውና ከብት የሚያድን ውኃ ብረትን ምን ያደርገዋል? ጄሪካኖቼን በጋሪ እየጫንኩ ማሽኑን ክረምቱን ሙሉ ሆራ አጠጣሁት። ለማሽኑ ከሰው ውኃ የተሻለ ውኃ ሰጠሁት ብዬ በልቤ ኮራሁ።

እስከዚህ ድረስ ኃጢአት የለብኝም። ድንቁርና ነው፤ ድንቁርና በሰማይም በምድርም ምሕረት አለው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

ክረምቱ ሲያልቅ ሰልጣኞቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ጀመሩ። ለተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን የላሜራ ቁምሳጥን ነው። የመጀመሪያው ተሠርቶ ሲያልቅ መምህርት ሌሊሴ እንደ ልማዷ ካቻቪቴ በመገጣጠሚያው መሀል አስገብታ ጠመዘዘችው። በደኅና ጊዜ ላሜራው ይቀደዳል እንጂ ነጥቡ አይላቀቅም። ያን ቀን ነጥቦቹ እንደ አሮጌ ሸሚዝ ቁልፍ አንድ በአንድ ረገፉ። ሰልጣኞቹ ተያዩ። እሷ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ማሽኑ ፊት ተቀመጠችና፣ “እስቲ እንጠይቀው” አለች።

አጠያየቋን ዛሬም አስታውሳለሁ። እንደ ደኅና ሐኪም ሳትቸኩል ነበር። ምናልባት ኃይል አንሶ ይሆናል ብላ በቴስተር ለካች፤ የአምቦ መብራት እንደሆነ ያመዋል። ኃይሉ ደኅና ነበር። ላሜራው ዘይት ይዞ ይሆናል ብላ በጨርቅ አስወለወለች፣ ያው ነው። የገመዶቹን ብሎኖች አጠበቀች። ክንዶቹ መንከሳቸውን ለማየት ወረቀት በጫፎቹ መሀል አስገብታ ሳበች። ጫፎቹን አየቻቸው፤ በተለይ የታችኛው እንደ እንጉዳይ ተዘርጥጦ ነበር። በሞረድ አሾለችው፣ ለጥቂት ነጥብ ሠራ፣ ደግሞ ተዘረጠጠ። ጫፉ ሲሰፋ ኃይሉ ይበተናል፣ ነጥቡ አይቀልጥም። ለሙከራ ኃይሉን በማዞሪያው ከፍ አደረገችው። ባሰበት። መልሳ አወረደችው። ይህን ልብ በሉ፤ ከፍ አድርጋ መልሳ አወረደችው። ኋላ ይመጣል።

መጨረሻ ላይ ወደ ውኃው መጣች። በርሜሉን ከፍታ አየች፤ ጥርት ያለ ነው። ከማሽኑ የሚመለሰውን ጎማ ጨበጠችው፤ ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ነው። ሰልጣኞቹ በሙሉ ቆመው ያያሉ። ወደኔ ዞራ፣ “ኦቦ ገመቹ፣ ውኃው ከየት ነው?” አለችኝ።

“የቧንቧ ነው” አልኩ።

“ቧንቧ ጠፍቶ አልነበር እንዴ?”

“በመጣ ቀን አጠራቅሜ ነው።”

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ እንግዲህ ጥፋቱ ከውኃው አይደለም ብላ ወደ ትራንስፎርመሩ ሄደች። እዚያ ምንም አላገኘችም። ለቀናት ፈለገችው፤ ከሌለበት ቦታ ሁሉ።

ለምን ዋሸሁ? ያኔ ማሽኑ በውኃው እንደታመመ አላውቅም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የዋሸሁት የነገረችኝን ሳልሰማ መቅረቴን ልጆቹ ፊት እንዳታውቅብኝ ነው። አንድ ነገር ስለኔ አውቃለች፤ ሁለተኛ እንድታውቅ አልፈለግሁም። ለዚህ ነው።

ዳይሬክተሩ ተቆጣ። ምርቃቱ ደርሷል፣ ቁምሳጥኖቹ ክምር ላሜራ ሆነው ተቀምጠዋል፣ ማሽኑን ያበላሸ ሰው ይታወቅ ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጫፎቹን ልቀይር ብቻዬን ወርክሾፕ ገባሁ። የታችኛውን ክንድ ጎማ ነቀልኩት። ውኃ አልፈሰሰም። ጣቴን ብሰድ ጣቴ ድንጋይ ነካ። በመፍቻ ጫፍ ብቧጥጠው ነጭ ቅርፊት ተሰብሮ መዳፌ ላይ ወደቀ።

የአምቦ ልጅ ነኝ። ያን ቅርፊት ለማወቅ መምህር አያስፈልገኝም። ሆራው ዳር ያሉት ድንጋዮች ሁሉ የለበሱት እሱኑ ነው። በልጅነታችን እየላጥን የተጫወትንበት ነው። ወዲያው ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የሆራው ውኃ በጋለው ክንድ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን እያራገፈ ሄዷል፤ ጠባቡን መንገድ ዘግቶታል። የላይኛው ክንድ ክፍት ነው፣ ውኃው የሚመለሰው በእሱ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ጎማው የቀዘቀዘው። የታችኛው ያለ ውኃ ይግላል፣ መዳቡ ይለሰልሳል፣ ይዘረጠጣል። ቀዝቃዛ ጎማ ጨብጣ ውኃው ደኅና ነው ያለችው እኔ ስለዋሸኋት ነው። ሆራ ነው ብያት ቢሆን ኖሮ ያቺ የግንጪ ልጅ በዚያው ደቂቃ ክንዱን ትፈታው ነበር።

ያኔ ምን አደረግሁ? ጎማውን መልሼ ገጠምኩት፣ ማሰሪያውን አጠበቅሁ። ቅርፊቱን በቀኝ እግሬ ረግጬ አደቀቅሁትና ጠረግሁት። ይህን ያደረገ እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን ወርክሾፕ ውስጥ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ኮሚቴው የተቀመጠው በዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋ፣ መምህርት ሌሊሴና እኔ። እሷ ያደረገችውን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገረች። የጥፋቱን ምክንያት አላገኘሁትም፣ ጥቂት ቀን ስጡኝ አለች። ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። መምህርቷ የማሽኑን ኃይል ከመጠን በላይ ስታደርግ አይተዋል ወይ አለኝ።

“አይቻለሁ” አልኩ።

እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ለሙከራ ከፍ አድርጋ ስትመልሰው አይቻለሁ። መልሳ አወረደችው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አልኩት። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርኩ።

“ተይ ብያት ነበር” አልኩ።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ የመጨረሻዋ ቃል ናት። የተጠየቅኩትን መዋሸቴ ለእንጀራዬ ነው እንበል፤ ማሽን ያበላሸ፣ ፊደል የማያውቅ ረዳት ማን ያቆየዋል? ይህቺን ግን ማን ጠየቀኝ? ይህቺን የተናገረው ፍርሃት አይደለም። ጥላቻዬ ነው የተናገራት።

ጸሐፊዋ የተናገርኩትን ጽፋ አበቃች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሰጠኝና አንብበው ይፈርሙ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። ዓይኔን ሰዎች ሲያነቡ እንዳየኋቸው ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩት። ያለሁበትን ጉድ በዚያ ክፍል የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የመሰከርኩባት ናት። ይህ ሰው የሚፈርመውን አያውቅም፣ የዕለት ሥራውን እንኳ የማነብለት እኔ ነኝ ብትል እኔም ምስክርነቴም አብረን ወደቅን። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ።

ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረችና፣ “እኔም እንድሰማው ጮክ ተብሎ ይነበብ” አለች።

ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን አደረገችልኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ። የምፈርመውን ሳላውቅ እንዳልፈርም፣ ሰውም እንዳያውቅብኝ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላኝ አነበበችው። ውሸቴን በሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ተይ ብያት ነበር። የተሳሳተ ነገር አለ ወይ ተባልኩ። በር ተከፈተልኝ እኮ። ማነው የከፈተልኝ? እሷው ናት።

የለም አልኩ። ያቺን ሥዕሌን ሳልኩ።

መምህርት ሌሊሴ ከወርክሾፕ ተነሳች። ወደ ግንጪ፣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አዛውረው የንብረት ክፍል ውስጥ አስቀመጧት ሲሉ ሰማሁ። በሄደችበት ዕለት የብየዳ መነጽሯ ማሽኑ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ረስታው ይሁን ትታው አላውቅም።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ክንዱን ፈትቼ ውስጡን አቼቶ ሞላሁበት፣ አሳደርኩት፣ በሽቦ ፈቀፈቅሁት። ማሽኑ ተነሳ። ካቻቪቴ ቢጠመዘዝበት ላሜራው ተቀደደ እንጂ ነጥቡ አልተላቀቀም። ዳይሬክተሩ ሰልጣኞቹን ሰብስቦ፣ አያችሁ፣ ዲግሪ ያበላሸውን ልምድ አዳነው አለ። ተጨበጨበልኝ። ምን ነበር ጥፋቱ ሲሉኝ፣ ብረት ይናገራል፣ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁት አልኩ። ወደዱት። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል፤ ያልተማረ የተማረውን ሲያሳፍር ማየት ደስ ይለዋል። ያን ወሬ ዛሬም ለአዲስ ሰልጣኝ ይነግሩታል፣ እኔም ቆሜ እሰማዋለሁ። በዚያው ዓመት ቋሚ አደረጉኝ። ፊደል እንድማር ብቻ ግዴታ አስገቡኝ፤ ለካ አንዳንዶቹ ጠርጥረውኝ ኖሯል፣ ግን ምንም አላሉም። ያ ሁሉ የፈራሁት ነገር እንዲህ በቀላል አለፈ።

ከሥራ መልስ ከጎልማሶች ጋር ተቀመጥኩ። የአማርኛውን ፊደልም የኦሮምኛውን ቁቤም ለመድኩ። እንደፈራሁት አልነበረም። ላሜራ ማቅናት ይከብዳል። ዓመት ሳይሞላ የሱቅ ስም አነብ ጀመር፤ መንገድ ላይ እየቆምኩ እንደ ሕፃን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ግን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳነብ፣ ለዚህ ነው እንዴ የሸጥኳት ብዬ አሰብኩ። ለዚህች ለማትከብድ ነገር? ልጆቹ ከወጡ በኋላ አብረን እናየዋለን ብላኝ ነበር። እሺ ብያት ቢሆን ኖሮ የምፈራው ነገር አይኖርም፤ የምፈራው ከሌለ የምዋሸው አይኖርም።

ባለፈው ዓመት ጉደር ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ ስጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች።

“ኦቦ ገመቹ፣ አካም ጅርቱ?” አለችኝ።

ድምጿን ፊቷን ሳላይ አወቅሁት። ያን ድምፅ እንዴት አላውቀው? ሰላምታውን መለስኩላት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። መኪናው ተነሳ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አግብታለች፣ ወልዳለች። ጉደር የመጣችው እህቷን ለመጠየቅ ነው። ቁጣ በፊቷ ላይ ፈለግሁ፤ ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ማንበብስ ጀመሩ አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሌላ ተሳፋሪ እንዳይሰማ። አዎ አልኳት። ደስ ሲላት አየሁ። ፊቷ በራ። መስኮቱን ከፍቼ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

“ያ ማሽን ምን ሆኖ ነበር?”

ከጉደር አምቦ መንገዱ አጭር ነው፤ ለአንዲት ቃል ግን ይበቃል። ሆራ የምትል ቃል ናት። የአምቦ ሕፃን አፉን ሲፈታ የሚላት ቃል ናት።

“እንጃ፣ በራሱ ጊዜ ነው የተነሳው” አልኳት።

“ማሽን በራሱ አይድንም፣ ኦቦ ገመቹ” አለች።

ወደ ውጭ ዞረች። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለመስኮቱ እንደምትናገር ሆና፣ ደጋግማ ስታስበው የኖረችውን ነገረችኝ። ኃይሉን ከፍ ያደረገችበትን ጊዜ ታስባለች። ምናልባት ያኔ የሆነ ነገር አቃጥላ ይሆናል፣ ምናልባት ኮሚቴው ልክ ነበር። “ከዚያ ወዲህ ማሽን አልነካም” አለች። ሳቅ ለማለት ሞከረች። “ቤቴ ፊውዝ ሲቃጠል እንኳ ጎረቤት ነው የምጠራው።”

አምቦ ደረስን። ዘንቢሌን ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ በዋሸኋት ጊዜ ሥራዋን ነጠቅኳት ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ የነጠቅኳት እጇን ኖሯል። ያ ቴስተር የሚይዝ፣ ብሎን የሚያጠብቅ፣ ማሽን የሚጠይቅ እጅ በገዛ ቤቱ ፊውዝ የሚፈራ ሆኗል። ያን ቀን ደግሞ በገዛ አፏ ጠይቃኝ፣ ላድናት በምችልበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ገደልኳት። ያን ጊዜ ኮሚቴ አልነበረም፣ ኮንትራት አልነበረም፣ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዋሸሁ? ፈልጌ አላገኘሁትም። ብልሽቱ እኔ ውስጥ ነው፤ የትኛው ክንድ እንደተዘጋ ግን አላውቅም።

ይህን በሁለት ወረቀት ገልብጬዋለሁ። አንዱን ሰኞ ጠዋት ለዳይሬክተሩ እሰጣለሁ፤ ሰልጣኞቹን ይሰብስብና ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ያን የውሸት ወሬዬን በነገሩበት ቦታ። ማባረር ቢፈልግ ያባርረኝ። ሁለተኛው ወደ ግንጪ ይሄዳል።

መምህርት ሌሊሴ፣ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ ብጠይቅሽ ትሰጭኛለሽ፤ አውቅሻለሁ፤ እኔም ደግሞ ከአንቺ ወስጄ እሄዳለሁ። ከአንቺ የወሰድኩት ይበቃኛል። ልመልስልሽ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጠየቅሽኝን መልስ። ጥፋቱ የታችኛው ክንድ ነበር። በሆራ ድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ሆራውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ የቧንቧ ነው ያልኩሽም እኔ ነኝ። አንቺ የፈተሽሽው ሁሉ ልክ ነበር፤ ምንም አላቃጠልሽም።

ፊውዙን ራስሽ ቀይሪው።